የተለጠፈው ሆድ

ዶክተሯ ወረንጦዋን ስታነሳ የሙዚየሙ የነፍሳት መሳቢያዎች ጠባቂ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች።

«እትዬ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ይሄ ናፍታሊን ነው፤ ራስ ያዞራል።»

ውሸቷን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ ስትምግ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ራሷን አዙሯት አያውቅም። ያዞራት ጠረጴዛው ላይ ያለችው ናት፤ ነብርማ የእሳት ራት ከሚባሉት ወገን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ቢጫ ክንፏን ጥቁር መስመር ያዥጎረጎረው። ከስልሳ ዓመት በፊት ከአንድ ሞቃት ጫካ ተይዛ መርፌ ላይ ተሰካች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛዋን አየሁ ያለ ሰው የለም። ሙዚየሙ ያለው እሷን ብቻ ነው፤ ዓለምም ያለው እሷን ብቻ።

ባለፈው ወር ጠባቂዋ ናፍታሊን ስትቀይር ጥፍሯ መርፌውን ነካውና የእሳት ራቷ ሆድ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ይሄ እንኳ ብርቅ አይደለም፤ የደረቀ ሆድ ይወድቃል፣ በሙጫ ቦታው ይመለሳል፣ አለቀ። ጉዱ የመጣው ደንግጣ አንድ እርምጃ ስታፈገፍግ ነው። ከጫማዋ ስር ቅጭ አለ። እግሯን ስታነሳ ዱቄት ሆኗል።

ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይናገራል። እሷ ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ወርቅ እጅ» እያለ የሚጠራት ሴት ናት፤ ወርቅ እጅ በእግሯ ረገጠችው ተብሎ እንዴት ይወራል? ስብርባሪ ነፍሳት ከሚጠራቀሙበት ሣጥን የአንዲት ተራ ነብርማ የእሳት ራት ሆድ መርጣ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ለጠፈችበት። ማን ያየዋል ብላ።

ይኸው የሚያየው ሰው መጣ።

«ዝርያው በትክክል የሚለየው በሆዱ ጫፍ ነው» አለች ዶክተሯ፣ ትንሹን ብልቃጥ እያሞቀች። «ሆዱን ነቅዬ እዚህ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ሲለሰልስ የጫፉ ቅርፅ ይታያል። ይቺ ያው ተራዋ ነብርማ ናት፣ ቀለሟ ብቻ ነው የተለየ የሚሉ አሉ። ዛሬ ይለይላቸዋል። ተራዋ ከሆነች ስሟን ከመዝገብ እንሰርዛለን።»

ጠባቂዋ አሁን ገባት። አንድ ዝርያ በእሷ ጫማና በእሷ ሙጫ የተነሳ እንዳልነበረ ሊሆን ነው! ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ብትናገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሥራ የላትም። ፈራች፤ እንደ ሕፃን ፈራች። ወረንጦው ሆዱን ሊይዝ ተከፈተ።

«ይተዉት ዶክተር!» ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «ሆዱ የሷ አይደለም። እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ጥፍሩን፣ ጫማውን፣ ሣጥኑን። ስትጨርስ ደረቷ ቀለል አላት። አሁን ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ዶክተሯ ግን ወረንጦውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ትክ ብላ አየቻት።

«ሌላስ?»

«የምን ሌላ?»

«ሌላ የለጠፉት።»

«ልጆቼን! ይቺን ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይቺን ብቻ። ዶክተሯ ተነስታ የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበች፤ በማጉያ መስታወቷ የእሳት ራቶቹን ወገብ አንድ በአንድ ታይ ጀመር።

«ይሄኛው ሙጫ አለበት» አለች ቀና ሳትል።

ሙጫማ ሞልቷል። የወደቀውን ሁሉ ስታነሳ፣ ለየባለቤቱ ስትመልስ የኖረችው እሷ ናት። የየባለቤቱ መሆኑን ግን አሁን በምን አፏ ታስረዳለች? ክፍሉ ውስጥ ስድስት መቶ መሳቢያ አለ።

«ይሄኛውም» አለች ዶክተሯ።