የቆላዋ አይጥ በሳንቃ በር

በቅሎ ነጂው ሰጠኝ ተራራው ላይ ባለው በሳንቃ በር ካምፕ ሃያ ዓመት የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ ሲያመላልስ አንድም ቀን በውሸት ተጠርጥሮ አያውቅም። በኋላ የዋሸውም ሰው ልጎዳ ብሎ አይደለም፤ አዝኖ ነው።

ናዝራዊት የአይጥ ዝርያ ልታጠና ከጎንደር የመጣች ተማሪ ናት። ሁለት ወር ሙሉ በየጓሳ ሣሩ ሥር የቆርቆሮ ወጥመዷን ስትደረድር፣ ማለዳ ማለዳ የሚወጣላት ያው የታወቀው የደጋ አይጥ ነበር። ወጥመዱን የሚጭንላት ሰጠኝ ነው። በታኅሣሥ ግን በቅሎዎቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ሌላ ነገር ተያዘ፤ የኋላ እግሯ የረዘመ፣ የጭራዋ ጫፍ የጎፈረ፣ እንደ ፌንጣ የምትዘል አይጥ። በማግስቱ ሁለተኛ ተገኘች።

"ጋሽ ሰጠኝ፣ የዚች ወገን የቆላ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ማንም አግኝቷት አያውቅም" አለችና መዝገቧን ገለጠች። "እርስዎ እዚህ አይተዋት ያውቃሉ?"

ሰጠኝ ከየት እንደመጣች ያውቃል። ከሳምንት በፊት፣ ከቆላው አዲ አርቃይ፣ ከሚስቱ ወንድም ከአለነ አውድማ የመጣ የማሽላ ጆንያ ለበቅሎዎቹ ሲፈታ፣ እንዲህ ያሉ ሦስት አይጦች ዘለው አምልጠውታል። ግን በደስታ የበራውን የልጅቱን ፊት አየና አንጀቱ አልቻለም።

"እንዴታ፣ ድሮም ያለች ናት። አባቴም ያውቃት ነበር" አላት። ስሙን ከነአባቱ ስም ምስክር ብላ መዘገበችው።

በጥር፣ ናዝራዊት በጻፈችው መነሻ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የአይጧ መኖሪያ ተጠንቶ እስኪያልቅ ከካምፑ በታች ያለው መስክ ላይ ከብትም በግም እንዳይደርስ የሚል ነው። መስኩ የነዘመነ የበጋ ግጦሽ ነበር። ዘመነ የሰጠኝ ጎረቤት ነው፤ ምስክሩ ማን እንደሆነ ግን አልሰማም።

"ሰጠኝ ወንድሜ፣ በጎቼ ሊያልቁብኝ ነው። ያቺ ልጅ አንተን ትሰማለች፤ እስቲ አንድ ቃል ተናገርልኝ" ብሎ ለመነው።

"እነግራታለሁ" አለ ሰጠኝ።

አልነገራትም። ቢናገር ውሸታም ሊባል ነው፤ ዝም ቢል የጎረቤቱን በግ በገዛ እጁ መግደሉ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ አሁን ያ የተናገረው አንገቱ ላይ ገመድ ሆነበት። ቤት ሲገባ ዘመነ፣ ካምፕ ሲወጣ ናዝራዊት፤ የሚሸሽበት አጣ።

በአምስተኛው ቀን ናዝራዊት ራሷ ጠራችው።

"አርባ ወጥመድ ዘርግቼ ሌላ አልተያዘም። አይጧ ወደ ላይኛው ካምፕ፣ ወደ ጨነቅ ሄዳ ይሆናል። የዚያም መስክ ይዘጋልኝ ብዬ ልጽፍ ነው።"

ሰጠኝ የበቅሎውን ልጓም ለቀቀ።

"አትጻፊ፣ ልጄ። በእኔ ጆንያ የመጣች ናት። ከአዲ አርቃይ። አባቴ አይቷትም አያውቅ።"

ናዝራዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ "ስንት ነበሩ?" ብላ ጠየቀችው።

"ሦስት። ሁለቱን ያዝሻቸው፤ አንዷን ጭልፊት ሲወስዳት አይቻለሁ።"

"ለአስተማሪዬ ነግሬዋለሁ እኮ። ለእናቴም" አለችና ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ሰጠኝ ብትቆጣው ይመርጥ ነበር። በመጨረሻ መዝገቧን ከፍታ፣ የሆነውን ሁሉ እንደገና እንዲነግራት አደረገች፤ አስፈረመችውም። በማግስቱ የአይጧን መነሻ ልታይ ወደ አለነ አውድማ ወረደች፤ ጓዟን የጫነችው ግን በሌላ ሰው በቅሎ ነው።

ሰጠኝ እሷ በወረደችበት ቀን ዘመነ ደጅ ሄዶ ምስክሩ እሱ መሆኑን ነገረው። ዘመነ ሰምቶት ሲጨርስ "በል ግባ፣ ብርድ ነው" አለው። ሰጠኝ ግን አልገባም።

ደብዳቤ ሲመጣ እንጂ ሲሻር አይቸኩልም። መስኩ የተከፈተው በሚያዝያ፣ ሣሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ዘመነ ግማሹን በግ ደባርቅ ገበያ አውጥቶ ሸጧል፤ የቀሩትን ሰባቱን እየነዳ ሲያልፍ ሰጠኝ በቅሎዎቹን ወደ ዳር ስቦ መንገድ ለቀቀለት።