ያልታደሰው ማዘርቦርድ

ፔይሩ በታይፔ የጓንግኋ ገበያ ያልረገጠችው ሱቅ የለም። የምትፈልገው አንድ ማዘርቦርድ ነው፤ ያውም አሮጌ፣ ማሽኑ እየሠራ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በሶፍትዌር ከፍ ዝቅ የሚያደርግ። እሷና ሶንግዌይ ፕሮሰሰርን ከዓቅሙ በላይ በማስሮጥ ውድድር ለዓመታት አብረው ቆመዋል፤ እሱ ፕሮሰሰሩ እንዳይግል ፈሳሽ ናይትሮጅን ያፈስበታል፣ እሷ ቮልቴጁን ትገፋለች። በዚያ ብርድ ማሽኑ አንዴ ከጠፋ ቢለምኑትም አይነሳ! እየሮጠ ሳለ ካልነኩት አለቀ። ዘንድሮ ደግሞ ካላሸነፈች ልትተወው ለራሷ ምላለች።

ሻጩ ሁሉ «አለ!» ይላታል። አለ እንጂ፣ ምን ዋጋ አለው! አምራቹ ኋላ ያንን የቮልቴጅ መቀየሪያ በር የሚዘጋ የውስጥ ሶፍትዌር አወጣ፤ እሱን የጫነ ቦርድ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ሰውም አድሱ ሲሉት ያድሳል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅ።

በመጨረሻ ጋሽ ሊያው የተባሉት ሽማግሌ ሻጭ ከመደርደሪያ ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። «አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው? በይ እንኪ! እንደታሸገ የኖረ ነው።»

ሁለቱ በጋራ በተከራዩት ክፍል ሞከረችው። ቮልቴጁ ታዘዘላት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ እንደ አገሩ ወግ ማሽኑ እንዳያምፅ የበቆሎ ፉፍ መክሰስ የታሸገበት አረንጓዴ ከረጢት አናቱ ላይ አስቀመጠች፤ እንደ ደህና ማሽን መብራት አረንጓዴ ብቻ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ ተከፍቶ የማይበላ። የሷ በዚያው ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ለውድድሩ ግን ይደርሳል። ሶንግዌይማ በዚህ ነገር ከሁሉ ይብሳል፤ ማሽን በነካ ቁጥር አዲስ ከረጢት ካልተካ እንቅልፍ አይወስደውም።

ስትደውልለት «እሰይ የኔ አንበሳ!» አላት። «እኔ ታይናን ከተማ እናቴ ጋ ነኝ፤ ለውድድሩ ቀን በቀጥታ አዳራሹ እመጣለሁ።»

መጣም። ናይትሮጅኑን አፈሰሰ፣ ጭሱ ጠረጴዛውን ሸፈነው፣ እሷ ቮልቴጁን ገፋች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደግማ ገፋች፤ እምቢ! የውስጥ ሶፍትዌሩን ስታይ አዲሱ ነው፤ ታድሷል። ጉድ ፈላ።

«ምን አደረግሽው?» አለ ሶንግዌይ። «ኢንተርኔት ላይ ሰክተሽ ትተሽው ራሱን አድሶ ነዋ! ስንቴ ነገርኩሽ!»

እንባዋ መጣ። ትዝ አይላትም፤ ግን ማን ያውቃል፣ ሰው ይሳሳታል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ፣ ልፋትህን ሁሉ ገደል ከተትኩት።»

ትከሻዋን መታ መታ አደረገላት። «ግድ የለም፣ እንኳን አንቺ ማንም ይሳሳታል።»

ዕቃዋን ስትሰበስብ ከማሽኑ ጋር ከክፍሉ ያመጣችውን ከረጢት አነሳች። የተጻፈበትን ቀን አየች፤ የሚያበቃው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የክፍሉ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው፣ እሷና እሱ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እንዲህ ሲመጣ ነው።

«ሶንግዌይ፣ ይህን ከረጢት ማን ቀየረው?»

አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስሚኝ እስቲ... አዲሱን ቦርድ የሚሠሩት ሰዎች ሥራ ሰጡኝ። አሮጌ ቦርድ በአደባባይ ቢረታቸው ለነሱ ውርደት ነው አሉኝ። ባልቀበል ሌላ ሰው...»

«እሱን ተወው!» አለች። «ይቅርታ ስጠይቅህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግክልኝ! እያለቀስኩ! ሰው እንዲህ ይደረጋል?»

 እሷ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀደደችው።

«ኧረ ተይ! አትክፈቺው! ማሽኑ...»

«የቱ ማሽን?»

አንድ እፍኝ ወደ አፏ ከተተች። የኮኮናት ጣዕም አለው፤ ስንት ዓመት ስታስቀምጠው ቀምሳው አታውቅም ነበር። ከዚያ ከረጢቱን ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ብላ» አለችው። እጁን ሰደደ፣ መልሶም ሰበሰበው።