ቆሞ የማያውቀው ሲስተም

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አንድ የማይለቅ ኩራት ነበረበት፤ ሰርቨሮቹን የሚያድሰው በጠራራ ቀን፣ ካርድ ክፍሉ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ነው። ሌላው ቢሆን «ሲስተም ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል» ብሎ ይለጥፋል። እሱ ማስታወቂያ መለጠፍን እንደ ሽንፈት ነበር የሚቆጥረው።

በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ አሉ፤ አንዱ የፋርማሲውን፣ አንዱ የላቦራቶሪውን ሥራ ይሠራል። እነዚህን ሥራ ላይ እንዳሉ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ሰርቨር ያሻግራል፤ ባዶ የቀረው ላይ ማሻሻያውን ጭኖ፣ አጥፍቶ ያስነሳና ይመልሳቸዋል። ረዳቱ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ ተቀባዩን ሰርቨር ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። ሸክሙ ሲበዛ «በቃ ጋሼ፣ ሞልቷል፤ ትርፍ አትጫን» ትለዋለች። ፋርማሲስቷም የምትሠራበት ሲስተም ቤት መቀየሩን እንኳ ሳታውቅ መድኃኒቷን ስታድል ትውላለች።

«አንድ ቀን እንኳ ለአፍታ እናቁመው» ትለው ነበር ረዳቱ። «መኖራችንን ይወቁት።»

«የኛ ሙያ አለመታወቅ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ሞኝ!

ሠራተኛ የሚቀነስበት ጊዜ መጣ። «ቆሞ ለማያውቅ ነገር ሁለት ሰው ምን ያደርግለታል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ኃላፊው ሊያስረዳ ሞከረ፤ ግን ለዓመታት ደብቆ የሠራውን በአንድ ስብሰባ ከየት ያምጣው? ረዳቱ ተቀነሰች። ረዳቱ የእናቷ ብቸኛ ጧሪ መሆኗን ያውቃል። ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ እንኳ «አይዞህ ጋሼ» ያለችው እሷ ናት፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበዋል።

ቀጥሎ ያለውን እድሳት ብቻውን ጀመረ። ማሽኖቹን ማሻገር እንደ ጀመረ የካርድ ክፍሏ ጸሐፊ ፕሪንተር አልሠራ አላት፤ ይህም የረዳቱ ሥራ ነበር። ማሻገሩ በራሱ እንዲቀጥል ትቶ ሄደ፤ ደርሶ ሲመለስ ተቀባዩ ሰርቨር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ታንቋል። ፋርማሲው ቆመ፤ ላቦራቶሪው ቆመ፤ ኮሪደሩ በጩኸት ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ያቺን ልጅ መልሳት!» አለ።

ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ደወለላት። ልቡ በደስታ እየዘለለ ነገሩን ሁሉ አወራላት።

«ቤቱን ለቀቅነው እኮ» አለችው። «ኪራዩን አልቻልኩም። እማዬን ገጠር፣ አጎቴ ዘንድ አመጣኋት፤ መንገዱ ጎድቷት ተኝታለች። እሷን ጥዬ የት እመጣለሁ?»

ባዶ ወንበሯን ተመለከተ።

«ያኔ እናቁመው ስልህ እምቢ ብለህ፣ አሁን ነው የሚቆመው ጋሼ?» አለች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እናቷ ከወዲያ ስትጣራ ተሰማ፤ «መጣሁ እማዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።