አዳነ ጋራዥ የሚለው ስም

ገነት «አዳነ ጋራዥ» የሚለው ስም ከስልኳ መጥፋቱን ያስተዋለችው ልጇን አመስግናና መርቃ ከጨረሰች በኋላ ነው። ትንሽ ቀደም ብላ አይታው ቢሆን ኖሮ ስልኩን ከቤዛዊት እጅ ስትቀበል ትጠይቃት ነበር። አሁን ሊመሽ ሲል ቤዛዊት ጓሮ ወጥታ የምሳውን ዕቃ እያጠበች ነው። ገነት የሱቋ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ፣ የተጠረገ ግቢ እንደሚያይ ሰው፣ ንጹሑን የስም ዝርዝር በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትገፋለች። «አበበች እድር» አለ። ከሱ ቀጥሎ አዳነ መምጣት ነበረበት። የመጣው ግን «አገር አቋራጭ ትኬት» ነው።

መልሳ ወረደች፤ መልሳ ወጣች። የለም።

«ቤዛ!»

«አቤት እማዬ!»

«አዳነን አጥፍተሽዋል እንዴ?»

የዕቃው መንኳኳት ቆመ። «የቱን አዳነ?»

«ስንት አዳነ አለን? የወልድያውን፣ የጋራዡን ነዋ!»

«እ... የተደጋገመውን ስሰርዝ አብሮ ሄዶ ይሆናላ። ነገ እሞላልሻለሁ።» ዕቃው እንደገና መንኳኳት ጀመረ፤ ከበፊቱ ጠንከር ብሎ።

ቤዛዊት ወልድያ ውስጥ ልብስ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። በሥራ ቀን እናቷ ጋ መርሳ መጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን ምሳ ሳይደርስ ከሚኒባስ ወርዳ፣ አንድ ፌስታል ሙዝ አንጠልጥላ ከች አለች። መርሳ ላይ ሙዝ እንደ አፈር ነው፤ ከወልድያ ወደ መርሳ ሙዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ገነት በዕድሜዋ አላየችም።

«ተባረርሽ?» አለቻት ገና ሳትስማት።

«አልተባረርኩም።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም፣ እማዬ።»

ገነት የልጇን ሆድ አየት አደረገች። «እንግዲህ ንገሪኛ፤ ማርገዝሽ ነው?»

«እማዬ! ሰው እናቱን ለማየት የሐኪም ወረቀት ያስፈልገዋል?»

ዐይኗ ቀልቶ ነበር። የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ነፋሱ ነው አለች። ምሳውን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ገፋችውና «ስልክሽ ሞልቶ ተጨናንቋል፤ ቁጭ ብዬ ላጽዳልሽ» ብላ ወሰደችው። እውነትም ሞልቶ ነበር። ጎረቤቷ ከድጃ ብቻ «ከድጃ»፣ «ከድጃ አዲሱ»፣ «ከድጃ የባሏ» ተብላ ሦስት ቦታ ተመዝግባለች። የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ገነት ስም አውጥታ ትመዘግበዋለች፦ «አታንሺ»፣ «አታንሺ ሁለት»፣ «ሌባ አታንሺ»። ቤዛዊት «ሌባ አታንሺ» ላይ ስትደርስ ሳቀች። ስቃ ስቃ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ገነትም አብራ ሳቀች፤ የሳቅ እንባ መስሏት።

አሁን ግን ያ እንባ የሳቅ አልመስላት አለ።

የአዳነ ስም ዝም ብሎ የተመዘገበ ስም አይደለም። ገነት በዚያ የጦርነት ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ከዚህኛው ቀበሌ እዚያኛው ቀበሌ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳይታወቅ የቆየችባቸውን ወራት አልረሳችም። ኔትወርክ ከተመለሰበት ዕለት ጀምሮ አንድ ልማድ አወጣች። የምትወደው ሰው ስልክ ብቻውን አይበቃትም፤ በዙሪያው ያሉትንም ትይዛለች። የልጇ የያሬድ አከራይ፣ የያሬድ መኪና ባለቤት፣ አዲስ አበባ የሚያድርበት ቡና ቤት አስተናጋጅ ሳትቀር ስልኳ ውስጥ አለች። ያሬድ አይሱዙ ነጂ ነው። ሁለት ጊዜ ደውላ ካላነሳ ወደ አከራዩ፣ ከዚያ ወደ ባለመኪናው ትሄዳለች። አምና ያሬድ ሐራ አካባቢ ተገልብጦ እጁ ሲሰበር መጀመሪያ የሰማችው ከአዳነ ነው፤ መኪናው የሚጠገነው እሱ ጋራዥ ነውና።

ታናሽ ወንድሟ ሀብታሙ እዚያው አዳነ ጋራዥ መካኒክ ነው። ይህን ልማዷን ሲያይ ይሞታል በሳቅ።

«እታለም፣ አንቺ ስልክ አይደለም የያዝሽው፤ ከበባ ነው!» ይላታል። «ሰውየው በየት ያምልጥ?»

ገነት ባንኮኒው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ሕፃን ልጅ ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ሁለቴ ጠራት፤ ሰጥታ ሸኘችው። መልሱን ትስጠው አትስጠው አላወቀችም።

ሞት በስልክ አይነገርም። ባሏ የሞተ ጊዜ ይህን በራሷ ላይ አይታለች። ከሰዓት በኋላ መጥተው «ስልክሽን ቻርጅ እናድርግልሽ» ብለው ወሰዱባት፤ ሲመሽ ማንም ስለ ባሏ አላነሳም፤ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። እስኪነጋ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው ባለሐዘኗ ብቻ ናት። ሳያውቅ ደውሎ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው እንዳያጋጥማት፣ እሷም ደውላ የሰው ድምፅ ተንቀጥቅጦ እንዳያሳብቅባት ስልኩን ይሸሽጉታል። የዛሬ ልጆች ደግሞ አይሸሽጉም። ያጸዳሉ።

«ያሬድ» አለች ድምፅ ሳታሰማ።

ወደ «ያ» ወረደች። «ያሬድ ልጄ» አለ። «ያሬድ አከራይ» አለ። «ያሬድ ባለመኪና» አለ። «ያሬድ ቡና ቤት»ም አለች። አንድም አልተነካም። ደወለች። መጀመሪያ ጠርቶ ዝም አለ፤ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛ ስትደውል አነሳው።

«እማዬ።»

«አንተ! አለህ? ደህና ነህ?»

«አለሁ። ደህና ነኝ።»

«የት ነህ?»

«ሥራ ላይ። አዲስ አበባ። ጭነት እየጠበቅኩ ነው።»

ልጇ በሕይወት አለ። ገነት ዐይኗን ጨፍና አማተበች፤ የመድኃኔ ዓለምን ስም ጠራች። ያን ጊዜ ከያሬድ ኋላ አንድ ሴት «ወራጅ አለ!» ስትል ሰማች። ወዲያው ደግሞ የበር መንሸራተትና የረዳት ጩኸት መጣ።

ያሬድ በሰው መኪና አይሄድም። መኪና ማሽከርከር ከጀመረ ወዲህ ተሳፋሪ ሆኖ መቀመጥን እንደ ውርደት የሚያይ ልጅ ነው።

«ሚኒባስ ውስጥ ነህ?»

«እ... አዎ፣ እዚሁ ቅርብ ቦታ። ዕቃ ልገዛ ነው። እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። ራት ብይ፣ እሺ? በደንብ ብይ።»

ዘጋው። ያሬድ በሃያ ስድስት ዓመቱ እናቱን «ራት ብይ» ብሎ አያውቅም።

ልጇ እየመጣ ነው። ሴት ልጇ መጥታለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። እንግዲህ የሚመጡት ለማን ነው?

ወደ «ራ» ወጣች። «ራሄል አከራይ» የለችም። እስከ «አ» ወረደች። «አለሙ ባጃጅ» የለም። አዳነ የለም። ራሄል የሀብታሙ አከራይ ናት። አለሙ የሀብታሙ ጓደኛ ነው፤ ማታ ማታ ከጋራዡ ወደ ቤት በባጃጅ የሚያደርሰው። በስልኳ ውስጥ በሀብታሙ ዙሪያ የነበሩት ሦስቱም የሉም። መሀል ላይ «ሀብታሙ ወንድሜ» የሚለው ብቻውን ቀርቷል።

አዳነን ለያሬድ ስትል መዝግባው ነበር፤ ሁለቱን ግን ያስመዘገባት ሀብታሙ ራሱ ነው። ገነት እሱን ከብባው አታውቅም ነበር፤ አላሰበችበትምም። ስለ ያሬድ መንገዱን ትፈራለች፤ ስለ ቤዛዊት ከተማውን ትፈራለች፤ ስለ ራሷ ደም ግፊቷን ትፈራለች። ሀብታሙ ግን የሚስቀው ሰው ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ ገነት አዝላው ትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ ሄዳ ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ምንም ነክቶት አያውቅም። ጉንፋን እንኳ አይዘውም። ባለፈው ፋሲካ ስልኳን ነጥቋት ዝርዝሩን አየና «እኔንስ? እኔ ሰው አይደለሁም? እኔን የሚያፈላልገኝ አይኑር?» ብሎ፣ እየሳቀ የራሄልንና የአለሙን ቁጥር ራሱ ጻፈላት። «በቃ፣ እኔም ተከበብኩ» አለ።

«ሀብታሙ ወንድሜ» የሚለውን ነካችው። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ነካችው። ዝግ ነው። የሀብታሙ ስልክ ተዘግቶ አያውቅም፤ መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ በትከሻው ደግፎ ያወራል።

የመኪና ሥር ታያት። ክሪኩ ታያት። ሌላም ሌላም ታያት፤ ክፉ ክፉውን ማየት የለመደ ዐይን ነውና አንዱንም አላስቀረላትም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰች።

«ቤቶች!»

ከድጃ ነበረች። በየማታው ሱቁ ሲዘጋ ትመጣለች። ዛሬ ግን በእጇ ሽፍን ሳህን ይዛ ነው። ገነት ነጠላዋን ከአፏ አውጥታ ተነሣች።

«ምነው ከድጃ፣ ሳህኑ?»

«ሩዝ ሠርቼ ተረፈኝ ወላሂ። ከቤዛ ጋር ትበሉታላችሁ ብዬ ነው።» ተቀመጠች። «እንዴት ዋልሽ ገነትዬ? ያሬድ ደህና? ቤዛስ ደህና መጣች? ሱቁ እንዴት ነው? ግፊትሽስ? ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

«ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።»

«አልሃምዱሊላህ።»

ገነት ጠበቀች። ከድጃ በየማታው ከሰላምታዋ መጨረሻ «ያ ቀልደኛ ወንድምሽስ? ሚስት አገኘ ወይስ እኔው ልዳረው?» ሳትል ተቀምጣ አታውቅም። ቀልዱ አርጅቶባቸው እንኳ አትተወውም። ዛሬ ከድጃ ሻሿን አስተካከለች፤ ሳህኑን ከቦታው ገፋ አደረገች፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዘይት ቆጠረች። አላለችም።

ቤዛዊት ከጓሮ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ወዲያው ዐይናቸውን ሰበሩ።

ገነት ያኔ ልትጠይቅ ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «ወንድሜ ምን ሆነ?» ብትል ያበቃ ነበር። ግን ልጇን አየቻት። ቤዛዊት እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች፣ አይደርቅላትም። ምሳዋን ከአጎቷ ጋር የምትበላ ልጅ ናት፤ ጋራዡ ከልብስ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። ምናልባት ያየችው ነገር አለ። አይታ ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሌላ ነገር ጠፍቶባት ሙዝ ገዝታ፣ «ማርገዝሽ ነው?» ስትባል ታግሣ፣ ቁጭ ብላ የሰዎቹን ስም አንድ በአንድ እየፈለገች ሰርዛለች። ብትጠየቅ ትናገራለች፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው።

ደግሞም ሌላ ነገር ነበር። ገነት ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ወሬ ቀድሞ እንዳያገኛት ስትሮጥ ኖራለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬው ትንሽ ቢዘገይ ብላ ተመኘች።

«ሩዙን ገልጪው ቤዛ፤ ይቀዘቅዛል» አለች።

ሦስቱ ከአንድ ትሪ በሉ። ከድጃ ስለ ግራና ከተማ ገበያ የቲማቲም ዋጋ አወራች፤ ገነት «ኧረ ባክሽ!» እያለች ሰማቻት። ቤዛዊት ጎርሳ አልዋጥላት ሲል ገነት ውሃ አቀበለቻት፤ ከዚያ እንደ ሕፃንነቷ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ልጅቷ እያላመጠች እንባዋ ወረደ።

«በርበሬው ነው» አለች።

«በርበሬ የለውም እኮ» ልትል የነበረችው ከድጃ አፏን ያዘች።

«አዎ፣ ያቃጥላል» አለች ገነት።

ከድጃ ስትወጣ ቤዛዊት ልትሸኛት አብራ ወጣች። ደጅ ላይ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። ገነት ላለመስማት ብላ ትሪውን እያንኳኳች አነሣች። ቀጥላ ከሣጥኑ ሥር ጥቁሩን ልብሷን አውጥታ አየችው። ከባሏ በኋላ አልለበሰችውም። መልሳ ከላይ አስቀመጠችው፤ ጠዋት በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ። ስልኳን አጥፍታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

ቤዛዊት ተመልሳ ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

«ቁልፉን ተይው፣ እማዬ። እኔ በሌሊት ተነሥቼ ወደ ሥራ ስለምሄድ እንዳልቀሰቅስሽ።»

«ሌባ ቢገባስ?»

«ማን ይገባል? ተይው በቃ። ምንም አይመጣም።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ ጫማዋንም አላወለቀች። ገነት አጠገቧ ቁጭ ብላ ጫማዋን ፈታችላት፤ እግሯን ብርድ ልብስ አለበሰቻት፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ እስኪያቆም ድረስ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ውጭው ጸጥ ብሏል፤ ወደ ውርጌሳ የሚያልፍ አንድ የጭነት መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሊነጋጋ ሲል የሚመጡት ሰዎች፣ በሩ ከተቆለፈ፣ ገፍተው አይገቡም። ያንኳኳሉ፤ እሷም ከመኝታዋ እስክትነሣ፣ ቁልፉን እስክታገኝ፣ እስክትከፍትላቸው ይጠብቋታል።

በሩን ገፍታ ገጠመችው፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።