የማንጎ ንግሥት እና የአማቷ ዶሮ

የዐርዋ የፍጻሜ ተጋጣሚ ማን ሆና እንደተገኘች ታውቃላችሁ? አማቷ! የእጮኛዋ የሙንታሲር እናት! ውይ፣ ዋናውን ዘረገፍኩት። ግን ይሄ ነገር እንዴት ይዋጣል?

እሺ፣ ከስሩ። ዐርዋ የአሶሳ ልጅ ናት፤ በሴቶች የርቀት ቼዝ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን። የርቀት ቼዝ ፊት ለፊት መቀመጥ የለውም፤ በስልክ አንድ እርምጃ ትልኪያለሽ፣ ያቺኛዋ ቀናት ወስዳ አስባ ትመልሳለች። ስም አይታይም፣ ቅጽል ስም ብቻ። ዐርዋ «የማንጎ ንግሥት» ናት። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያብዳል፤ እሷ ግን «እሰይ፣ ማሰቢያ ጊዜ!» ብላ ቦርዷ ላይ ትደፋለች። አንዴማ ማት፣ ያቺን ንጉሡን አጣብቃ ጨዋታውን የምትጨርሰውን እርምጃ፣ ለመላክ ኔትወርክ ፍለጋ የጎረቤት ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ፣ ባለቤቱ ሌባ መስላው ዱላ ይዞ ከሥር ጠበቃት። መጀመሪያ ላከችው፣ ከዛ ወረደች! ዋንጫው የመጣ ቀን አባቷ «ይሄ ጣሳ ለምን ሁለት ጆሮ አወጣ?» ብለው ስኳር ሞሉበት።

ዘንድሮ ካሸነፈች ዋንጫው ለሁልጊዜው የሷ ነው፣ ከነስኳሩ። ለፍጻሜው የደረሰቻት «በርበሬ» የምትባል ሴት ናት። ደሞ ታቃጥላለች!

ሰርጉ ሲቃረብ ዐርዋ ባምባሲ፣ እነሙንታሲር ቤት ሄደች። እሱ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ስለ እናቱ ስለ እማማ ዓዲላ የነገራት «ስልኳን ስትነካካ አታናግሪያት» የሚል ብቻ። በቤቱ ወግ ሙሽራ አማቷ ፊት ቀና አትልም፣ አትናገርም። አንገቷን ደፋች። አንገት ሲደፋ ምን ይታያል? መሬት። መሬቱ ላይስ? በሰፌድ የተከደነ ነገር።

እማማ ዓዲላ ሰፌዱን ሲያነሱት የቼዝ ቦርድ! የዐርዋ የራሷ ጨዋታ! እያንዳንዱ ወታደር በቦታው። የዐርዋ አንዱ ፈረስ ብቻ ጠፍቶ በማንጎ ፍሬ ተተክቷል።

«ይቺ የማንጎ ንግሥት የምትባል ባለጌ እንቅልፍ ነሳችኝ እኮ!» አሉ ለጎረቤታቸው ለሪም። «ወላሂ፣ እናት ያሳደገቻት አትመስልም።»

«አግብታ ይሆን?» አለች ሪም።

«ማን አብዶ!»

ዐርዋ ሳቋን በሻሿ አፈነችው።

ይሄኔ አንዷ ዶሮ ዘላ ቦርዱ ላይ! የማንጎ ፍሬዋ ተንከባለለች። እማማ ዓዲላ ዶሮዋን እየረገሙ ፍሬዋን መለሱ፤ ግን ከነበረችበት አንድ ቤት አሳልፈው። ከዛ ዓይናቸው በራ። «ሪም! መንገዱ ክፍት ነው ለካ! ንግሥቴን ሰድጄ ልጨርሳት!» ስልካቸውን አነሱ።

ክፍት አይደለማ! ስልኩ ላይ ፈረሱ ትክክለኛው ቦታው ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ንግሥቲቱን ዋጥ ነው የሚያደርጋት። ዐርዋ ዝም ካለች አለቀ፣ ዋንጫው የሷ። ዝም ማለት ደግሞ ወጉ ነው፣ ማን ይወቅሳታል? ግን በዶሮ ማሸነፍ? ዛፍ ላይ የወጣችው ለዚህ ነው?

ሂና የተቀባ ጣቷን ዘርግታ ፍሬዋን ወደ ቦታዋ ገፋ አደረገቻት።

እማማ ዓዲላ ፍሬዋን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ ጣቷን አዩ።

«አንቺ ነሽ?»

ዐርዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ባለጌዋ?»

«አዎ፣ እማማ።» ወጉም አብሮ ፈረሰ።

ሪም በሳቅ ተንፈራፈረች። እማማ ዓዲላ ግን ፈገግም አላሉ። ንግሥታቸውን ተዉና ሌላ እርምጃ ላኩ፤ የተረገመ ጎበዝ እርምጃ! ከዛ ዞር ብለው፣ «ስሚ ልጄ፣ ካሸነፍሽኝ ባምባሲ ሙሉ ‹ምራቷ ቀጠቀጠቻት› ይለኛል። አውቀሽ ከተሸነፍሽልኝ ደግሞ ውሸታም ቤቴ አይገባም» አሉ።

ዐርዋ አሁን አሶሳ ተመልሳለች። ቦርዱ ላይ ስታፈጥ ከርማ፣ ወይኔ፣ ማቱን አገኘችው! የቀረው መላክ ብቻ ነው። ያ የተረገመ ኔትወርክ ደግሞ ዛሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፏ ብሎ ይሠራል፣ ሰበብ እንኳ የላት።

እናንተ ብትሆኑ ትልኩታላችሁ?