የሙኽታር መጭለፊያ

ሙኽታር ጣና ውስጥ ጠልቆ የተያዘ መረብ ሲያላቅቅ፣ ዳር ላይ ያሉት ምሳቸውን በልተው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይቆይ ነበር። ይህን የሚያወራው ራሱ ነው፤ ሰሚው ግማሹን ቢቀንስለትም የቀረው ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ዛሬ ከአልጋው ተነሥቶ ደጁ እስኪደርስ ሦስቴ ያርፋል።

የአንጀት ካንሰር ከተገኘበት ስምንት ወሩ ነው። ዶክተር ማኅሌት፣ “ትንፋሽ ያሳጠረዎትን በሲቲ ስካን እንየው። ሳንባዎ ዙሪያ ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ በመርፌ እንቀዳዋለን፤ ይቀልልዎታል። ካንሰሩ ራሱ ሳንባዎ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን...” አለችው። ከ“ግን” በኋላ ያለውን አልሰማም። ጆሮው ውስጥ የቀረችው ‘ውሃ’ የምትለዋ ቃል ናት።

በማግሥቱ ጀልባው ውስጥ የሚገባውን ውሃ የሚያወጣበትን መጭለፊያ፣ ያን አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን፣ አንጠልጥሎ ሆስፒታል ገባ።

“አባ፣ በአላህ! ሰው ምን ይላል?” ልጁ ናኢማ ጀሪካኑን በሻርፗ ልትሸፍነው ታገለች።

“አርባ ዓመት ውሃ ስጨልፍ ኖርሁ። የእኔን ውሃ የእነሱ ብልቃጥ የሚችለው መሰለሽ?”

ማሽኑ ላይ ሲጋደም ባለሙያው ገድሉ፣ “አባቴ፣ እጅዎን ወደ ላይ። ‘ያዙ’ ስልዎ ትንፋሽዎን ይይዛሉ፤ ዐሥር ሰከንድ ብቻ” አለው።

“ዐሥር? ሂድ፣ ሻይህን ጠጥተህ ና!”

“ያዙ!”

አንድ፣ ሁለት... ሦስት ላይ የሆስፒታሉን መስኮት ሁሉ ያንቀጠቀጠ ሳል ገለበጠው። ደገሙት፤ አራት ላይ ተሸነፈ። በሦስተኛው ገድሉ ድምፁን አለስልሶ፣ “ግድ የለም አባቴ፣ የተነሣው ምስል ይበቃል” አለው። ሙኽታርን ያስፈራው ያ ልስላሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማኅሌት ምስሉን አሳየችው። ጥቁሩ ሳንባ የዓሣ ቅርፊት የተበተነበት ይመስላል።

“ውሃው የታል?”

“ውሃ የለም፣ ጋሽ ሙኽታር። ይህ ነጩ ካንሰሩ ነው።”

“ትንሽም?”

“ትንሽም።” ትንፋሹን የሚያቀልል መድኃኒት ጻፈችለት። ያድናል አላለችም። እሱም ጀሪካኑን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋው፤ ሲወጡ ናኢማ አነሣችው።

ሐይቁ ዳር፣ ጠዋት ስለ ውሃው ሲፎክር የሰማው ጓደኛው ሳሊህ ጀልባ ሲጠግን አያቸው።

“ሙኽታር! ስንት ጀሪካን ውሃ ወጣልህ?”

ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ሳያበዛ ተናግሮ የማያውቀው ሰው አፉን ከፈተ። ሃያ ሊል ነበር።

“ምንም” አለ።

የሳሊህ ሳቅ ጎርጎራ ድረስ ተሰማ። “ምንም! ጣናን ሞልተህ መጥተሃል ማለት ነው!” ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ሳቁ።

“ወላሂ፣ ምንም” አለ ሙኽታር።

ይህኛው ይበልጥ አሳቃቸው።