የኋላ መቀመጫው

ያን ሞተር ገና ወረቀት ላይ ሳየው ነው የጠላሁት።

አስመጪው ሱፍያን ዕቃው ከወደብ ሳይነሳ ሥዕሉን በየሱቁ አስለጠፈ። የኛም የሞተር መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ፣ አይን ውስጥ በሚገባ ቦታ፣ ትልቁን ለጠፈልን። «አዲስ ሞዴል፤ ግማሹ የውድድር፣ ግማሹ የረጅም መንገድ» ይላል። እኔ ደግሞ ግማሽ ግማሽ የሚባል ነገር አላምንም። መርካቶ ውስጥ ግማሹ ቆዳ ነው የተባለ ጫማ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ላስቲክ ነው።

ሞተሩ ሲገባ ባሌ ጠሀ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ሆኖ ቁጭ አለ። ሱቁ ፊት ሲያቆመው ሶማሌ ተራ ያለ ወንድ ሁሉ ከፊት ለፊቱ ተሰበሰበ። መስታወቱ ነፋስ ይከላከላል፣ ማርሚታው አይጮህም፣ ፍሬቻው እንደ አይን ነው እያሉ አደነቁ። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። የነጂው መቀመጫ ጠንካራ ነው፤ የኋላው ግን ሰፊ፣ ለስላሳ፣ መደገፊያ ያለው፣ ግራና ቀኝ መያዣ ያለው፣ የእግር መርገጫው ሳይቀር ጎማ የለበሰ። በጎንና በጎኑ ደግሞ ሁለት የዕቃ ሳጥን።

«ይሄ የኋላው ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዕቃ ነዋ!»

«ዕቃ መደገፊያ ይፈልጋል?»

ሳቀ። ጠሀ ሲዋሽ ይስቃል። ለኔ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እኔ የሞተር ዕቃ እሸጣለሁ እንጂ ሞተር ላይ አልወጣም። ማታ ሳጥኑን ስከፍት አዲስ ሄልሜት አገኘሁ። ራሴ ላይ ሞከርኩት፤ ጠበበኝ። የሌላ ሴት ራስ ልክ ነው።

እኔ ዝም ብዬ አልጠረጠርኩም። ስንጋባ እናቱ እሺ አላሉም ነበር። ቅበት፣ አገራቸው፣ የጎረቤት ልጅ አይተውለት ሳለ እሱ የወሎ ልጅ አገባ። ኒካሑ ላይ አልመጡም፤ እኔም አይናቸውን አይቼ አላውቅም። አላህ ልጅ አልሰጠን። በየዓመቱ ለአረፋ ተራው ሁሉ ሚስቱን ይዞ አገሩ ሲገባ ጠሀ ብቻውን ይሄዳል፣ እኔ የተዘጋ ሱቅ እጠብቃለሁ። አረፋ ደግሞ ደርሷል። ያቺን የጎረቤት ልጅ ጣውንት አድርጎ ሊያመጣብኝ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በኛ ሥራ፣ የምንሸጠው ዕቃ ላይ የማይታይ ቦታ ኩቴክስ ጠብ እናደርጋለን። ገዢ አሮጌውን ይዞ መጥቶ «የሸጣችሁልኝ አይሠራም» ቢል ምልክቱን አይተን እንለየዋለን። ለዚህኛው ግን የማይደርቅ፣ የረገጠው ሰው ጫማ ላይ የሚቀር ያስፈልጋል። ሐሙስ በጠዋት ጠሀ «ሞተሩን ልፈትነው፣ ቡታጅራ ደርሼ እመለሳለሁ» ሲል፣ እሱ ውዱእ እስኪያደርግ የኋላውን መርገጫ ቀይ ግሪስ በስሱ ቀባሁት።

ከአስር ሶላት በፊት ብቻውን እያፏጨ ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ግሪሱ ከሁለቱም መርገጫ ላይ ተጠርጓል። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይስቃል። እሱ ሱቅ ሲገባ እኔ ቤት ሄጄ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ወንድሜ ቡርሃን ቤት፣ ወደ ሸማ ተራ ነጎድኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ተሸካሚው ሁሉ «ዞር በይ!» እያለ ሲጮህብኝ እንኳ አልሰማሁም።

የወንድሜ በር ላይ ከወለቁት ጫማዎች መካከል አንድ የሴት ነጭ ላስቲክ ጫማ አለ። አንደኛው እግር በጎኑ ወድቋል። ሶሉ ላይ ቀይ ግሪስ ተለጥፏል።

ደሜ ፈላ። የገዛ ወንድሜ ቤት!

«ወንድም ጋሼ! እዚህ ነው ያስቀመጣት?» ብዬ እየጮህኩ ገባሁ።

ወንድሜ ትልቅ እንግዳ ፊት እንዳለ ሰው እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ያን ሄልሜት ጭናቸው ላይ አድርገው። አፍንጫቸው የጠሀ አፍንጫ ነው።

«የጠሀ እናት ናቸው» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

ጣውንት ስጠብቅ አማቴ መጡ።

«መኪና ያስመልሰኛል» አሉ ሴትየዋ። «ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም። ልጄ መደገፊያ ያለው ሞተር መጣ ሲለኝ፣ በቅሎ ላይ ያደግኩ ሴት ሞተር እፈራለሁ? አልኩት።» ሄልሜቱን ከጭናቸው አወረዱ። «ኒካሑ ላይ ያልተገኘች አማት ዘላ የሙሽራ ቤት አትገባም። መጀመሪያ የሙሽራዋ ወገን ፊት ቀርባ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ትላለች። እስክጠይቅ ድረስ እንዳይነግርሽ ወላሂ ያስባልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በእልህ ጨረስኩት። አውፍ በዪኝ፣ ልጄ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ እማማ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ» አልኩ፤ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«አንቺ ምን አደረግሽኝና?» አሉ። ያኔ ነው ሻንጣውን ያዩት። «እሱ ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው» አልኩ ቶሎ። «የእርስዎን ዕቃ ልይዝበት ነው ያመጣሁት።»

ተነስተው በአንድ እጃቸው አነሱት፤ ወደ ጎን አንጋደዳቸው። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። እሳቸው ግን ሻንጣውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ተንበርክኬ ጫማቸውን በሻሼ ጠረግኩ።

«ይሄ ቀይ ነገር ከየት መጣብኝ?» አሉ።

«የኔ ነው፣ እማማ» አልኩ። ነጭ እስኪሆን ጠረግኩት።

ሻንጣውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። «ቤትሽ በር ላይ ስንደርስ እመልስልሻለሁ።»